ለስድስት ሳምንት አገልግሎት ወደ ሰሜን ዩጋንዳ እንሄዳለን፤ ምኑን ከምን እናስቀድም?

ነርሷ_ከአዲስ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን ወገኖች። አጥቢያችን አራት ሰው፣ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት፣ ለስድስት ሳምንት ወደ ዩጋንዳ ሊልክ ወስኗል። ቦታው አጁማኒ ነው፤ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች በሰፈሩበት መንደር ያለች ቤተ ክርስቲያን ትቀበለናለች። እኔ ነርስ ነኝ፣ አንዱ ወንድም መምህር ነው፣ ሁለቱ በወጣቶች አገልግሎት የቆዩ ናቸው። ለመነሳት አሥር ሳምንት ቀርቶናል። የጸሎት ቡድኑ ተደራጅቷል፣ ወጪውም በከፊል ተሸፍኗል። ግራ የገባን የሥራው ቅደም ተከተል ነው፦ ወረቀቱ፣ ክትባቱ፣ እዚህ ትተነው የምንሄደው ቤት። አብራኝ የምትኖር የደም ግፊት ያለባት እናት አለችኝ። በጉዳዩ ልምድ ያላችሁ በዝርዝር ብትነግሩን።

ተልዕኮ_ክፍል

እህቴ፣ አሥር ሳምንት ይበቃል። ግን ወረቀቶቹ አንዱ ያለ ሌላው አይሄድም፣ መጀመሪያው ከዘገየ ሁሉም በመጨረሻው ሳምንት ይከመራል። ሰንሰለቱ ይህ ነው፦ ፓስፖርት፣ የቢጫ ወባ ክትባት፣ ቪዛ፣ ዶላር። የዩጋንዳ ቪዛ በኦንላይን ሲጠየቅ የቢጫ ወባ ካርዱ ቅጂ አብሮ ይጫናል፤ ስለዚህ መርፌው ከቪዛው ይቀድማል። ባንክ ደግሞ ለተጓዥ የውጭ ምንዛሪ ሲሸጥ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ያያል። ቪዛው ከዘገየ ዶላሩም ይዘገያል።

ዛሬ ማታ አራታችሁም ፓስፖርታችሁን ጠረጴዛ ላይ አውጡና የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ከጉዞው በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ሊቀረው፣ ባዶ ገጽም ሊኖረው ይገባል። ከዚያ ስማችሁን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደተጻፈ ፊደል በፊደል ከዲግሪያችሁና ከሙያ ፈቃዳችሁ ጋር አመሳክሩ። የአያት ስም «ገብረማርያም» አንዱ ላይ አንድ ቃል፣ ሌላው ላይ ሁለት ቃል ሆኖ ሲገኝ ሰነዱ የሌላ ሰው ይመስላል። የክትባት ካርዱን የሚሞላው ባለሙያ ከፓስፖርቱ እያየ እንዲጽፍ አድርጉ፤ በቃል ከነገራችሁት እንደመሰለው ይጽፈዋል።

ቀኑም እንዲሁ ነው። የአጥቢያው የድጋፍ ደብዳቤ በእኛ አቆጣጠር ከተጻፈ እዚያ ለሚያነበው ሰው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያለፈበት ደብዳቤ ነው። ሁሉንም በፈረንጆቹ ቀን አስጽፉ። ሰዓቱ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው፣ ግን ትኬት ላይ 9:00 ያለው በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት መሆኑን ለቡድኑ ሁሉ አስረዱ።

የግብዣ ደብዳቤው ከተቀባይዋ ቤተ ክርስቲያን በማኅተም ይምጣ፣ እዚያው አገር የተመዘገበች ትሁን። የአራታችሁ ሙሉ ስምና የፓስፖርት ቁጥር፣ የምትገቡበትና የምትወጡበት ቀን፣ የምታድሩበት ቦታ፣ ወጪውን የሚሸፍነው ወገን፣ የምትሠሩት ሥራ ይጻፍበት። የቪዛውን ዓይነት በተመለከተ እውነቱን ተናገሩ። «ጎብኚ ነን» ብሎ ገብቶ ክሊኒክ መሥራትና ማስተማር ችግር ሲያመጣ ዋጋውን የምትከፍለው እዚያ የምትቀረው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ እናንተ ወደ አገራችሁ ትመለሳላችሁ። ለሥራው የሚስማማውን ፈቃድ አስተናጋጆቻችሁ ካምፓላ ካለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ጠይቀው በጽሑፍ ያሳውቋችሁ።

ከቪዛው ሌላ፣ የስደተኞች ጉዳይ በዩጋንዳ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ሥር ነው። ወደ መንደሩ ገብቶ ለመሥራት የእነሱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህንንም የምትጨርሰው አስተናጋጇ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነች የፓስፖርታችሁን ቅጂ አሁኑኑ ላኩላቸው።

ለአንቺ ለብቻሽ፦ የኢትዮጵያ የነርስነት ፈቃድሽ እዚያ አይሠራም። በሽተኛ ለመንካት ከዩጋንዳ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት ጊዜያዊ ፈቃድ ማግኘት አለብሽ። ለእሱ የተረጋገጠ ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ፣ የሙያ ፈቃድና ከፈቃድ ሰጪው አካል የ«ጉድ ስታንዲንግ» ደብዳቤ (ፈቃድሽ እንዳልታገደና ጥፋት እንደሌለብሽ የሚመሰክር) ያስፈልግሻል። ዛሬ ጀምሪ። መነሻችሁ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፈቃዱ ካልደረሰ ሥራሽን ቀይሪ፤ እጅ መታጠብ፣ ተቅማጥ ለያዘው ሰው የሚሰጠውን ውሃ (ኦአርኤስ) አዘገጃጀት፣ የእናቶች አመጋገብ ማስተማር ራሱን የቻለ አገልግሎት ነው። እዚያ ስትደርሺ «አንድ መርፌ ብቻ» የሚልሽ አይጠፋም። እምቢ ለማለት ከአሁኑ ወስነሽ ሂጂ።

ፋርማሲ_ጉለሌ

ሰላም እህት። የጤናውን ልመልስ።

ቢጫ ወባ፦ ካርዱ ሕጋዊ የሚሆነው መርፌው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንዱ መርፌ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ በድሮው ካርድ ላይ «10 ዓመት» ተብሎ ቢጻፍም አይደገምም። ክትባቱ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ነፍሰ ጡር፣ ለእንቁላል ጠንካራ አለርጂ ያለበት ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የቀነሰ ሰው ካለ ቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

ሰሜን ዩጋንዳ በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ስለሆነ አራቱን ዓይነት የሚከላከለውን ክትባት (ኤሲዋይደብሊው) ተከተቡ። የታይፎይዱ መርፌ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቅደም። ቴታነስ ያልታደሰለት ይታደስለት። ሄፓታይተስ ቢ ሦስት መርፌ ነው፦ 0፣ 1 እና 6 ወር። አንቺ በሥራሽ ምክንያት ሳትወስጂ አትቀሪም፤ ሦስቱ ቡድንተኞች ግን አሁን ቢጀምሩ ሁለቱን ወስደው ይሄዳሉ፣ ሦስተኛውን ሲመለሱ ይጨርሳሉ።

አሁን ወባ። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምጽፈው አዲስ አበባ ያደገ ሰው «እኛም አገር ወባ አለ» ብሎ ስለሚዘናጋ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ወባ አይተላለፍባትም፤ ስለዚህ ሰውነታችሁ እንደ አውሮፓዊ ተጓዥ ሁሉ ለወባ ባዳ ነው። አጁማኒ ቆላ ናት፣ ወባው ዓመቱን ሙሉ አለ፣ አብዛኛው ደግሞ ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ ዓይነት ነው።

በቀላሉ የሚገኘው መከላከያ ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም ነው፦ በቀን አንድ፣ ከመግባታችሁ 2 ቀን በፊት ተጀምሮ፣ እዚያ ባላችሁበት 42 ቀን፣ ከተመለሳችሁ በኋላ 28 ቀን። በጠቅላላው 72 ፍሬ ለአንድ ሰው፣ 288 ለአራታችሁ። ሁሉንም ከዚሁ ገዝታችሁ ከነማሸጊያው ያዙ፤ ፍሬዎቹን ፈልቅቆ በአንድ ጠርሙስ መጨመር ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ያስነሳል።

አወሳሰዱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እንክብሉን በምራቅ ወይም በአንድ ጉንጭ ውሃ ውጦ መተኛት አይሆንም። ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ይቀልጥና የምግብ ቧንቧውን ያቆስላል፤ በማግስቱ ምራቅ መዋጥ እንኳ ያቃጥላል፣ ሰውየው የልብ ሕመም ይመስለዋል። ቁጭ ብላችሁ፣ ምግብ በልታችሁ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ውሰዱት፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አትጋደሙ። በጾም ጸሎት ቀን በባዶ ሆድ ከተወሰደ ያስመልሳል፤ ለራት አቆዩትና ከመኝታ በፊት በቂ ጊዜ ስጡት። የጨጓራ ማስታገሻና የብረት እንክብል መድኃኒቱን ይይዙታል፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ይራራቁ። ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርጋልና ባርኔጣና እጅጌ ረጅም ልብስ ያዙ። ሴቶች ላይ የብልት አካባቢ የፈንገስ ማሳከክ ሊያመጣ ስለሚችል ፍሉኮናዞል 150 ሚሊ ግራም አንድ ሁለት ፍሬ በሐኪም ትእዛዝ ያዙ። እርጉዝ ወይም ልትሆን የምትችል እህት ካለች ዶክሲ አይሆናትም፣ ሐኪሟ ሌላ ይምረጥላት።

መድኃኒቱ አጎበርን አይተካም። በኬሚካል የተነከረ አጎበር ለእያንዳንዳችሁ፣ ከአራት ሲባጎና ከአራት ምስማር ጋር። ጫፉ ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር ካልተወተፈ ትንኟ ከታች ትገባለች፤ ክንዳችሁ ሌሊት አጎበሩን ከነካ ደግሞ በመረቡ ቀዳዳ ትነክሳለች፣ ስለዚህ ወጠር አድርጋችሁ ስቀሉ። ከመሸ በኋላ ዲኢኢቲ የሚባለው የትንኝ ማባረሪያ 30 በመቶ ያለው ቅባት ተቀቡ።

ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ምርመራ። ወባ ከሆነ ኮአርተም ለአዋቂ 24 ፍሬ ነው፦ 4 ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በ8 ሰዓት፣ ሁልጊዜ ቅባት ካለው ምግብ ጋር፤ አለዚያ ወደ ደም በደንብ አይገባም።

ለአንቺ፦ ጓንት ያዢ። መርፌ ከወጋሽ ቦታውን በውሃና ሳሙና ታጥበሽ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ፤ ከተጋለጡ በኋላ የሚወሰደው የኤች አይ ቪ መከላከያ በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ነው የሚሻለው፣ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም። ቅርብ የሚገኝበትን ቦታ በመጀመሪያው ቀን ጠይቂ።

ሌላው ደግሞ፦ አባይ ዳር ስለሆናችሁ ሙቀቱ ይጋብዛችኋል። ወንዙ ውስጥ አትግቡ፣ ቢልሃርዚያ አለበት። ሜዳ ላይ ወይም ሣር ላይ የተሰጣ ልብስ ደግሞ በፍም ካውያ ሳይተኮስ አይለበስ፤ የማንጎ ዝንብ እርጥብ ልብስ ስፌት ላይ እንቁላል ትጥልና ትሉ ቆዳ ውስጥ ይገባል። የውስጥ ልብስና ፎጣም ይተኮስ።

እማማ_ጎረቤት

ልጄ፣ ሌሎቹ የተናገሩት ሁሉ ደግ ነው፤ እኔ የቤቱን ልንገርሽ። ሰው እዚያ ሆኖ የሚጨነቀው እዚህ ባልቋጨው ነገር ነው።

የእናትሽን መድኃኒት የስድስት ሳምንት አትግዢ፣ የስምንት ግዢ፤ አውሮፕላን ይዘገያል፣ መድኃኒትም ከገበያ ይጠፋል። የጠዋቱንና የማታውን በቀን በቀን ለይተሽ በሳጥን አድርጊላት። ግፊቷን በሳምንት ሁለት ቀን የሚለካ ሰው በስም ይታወቅ፣ ቁጥሩንም ደብተር ላይ ይጻፍ። ስንት ሲደርስ ሐኪም ቤት እንደምትሄድ ሐኪሟን ጠይቀሽ በትልቁ ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊ። የሚያደርሳት ሰው፣ መኪናውና የሚከፈለው ገንዘብ ከወዲሁ ይለይ።

የእድሩን ጸሐፊ ሄደሽ አነጋግሪ። ካልተናገርሽ ለቅሶ በቀረሽ ቁጥር ቅጣት ይቆጠራል፣ ወርሐዊውም ይጠራቀማል። የሁለት ወሩን ቀድመሽ ክፈዪና በደብተሩ ላይ መውጣትሽን አስመዝግቢ። እቁብ ካለሽ የሚጥልልሽን ሰው ከዳኛው ጋር አስተዋውቂ፤ ዕጣ በሌለሽበት ቢወጣ ማን እንደሚቀበል፣ ዋሱስ ማን እንደሆነ ይታወቅ።

ውክልና ከሰጠሽ ሰነዶች ማረጋገጫ ራስሽ ቀርበሽ ፈርሚ። «ጠቅላላ ውክልና» የሚለው ተራ አስተዳደር ብቻ ነው የሚሸፍነው። ከባንክ ሒሳብ ገንዘብ ማውጣት፣ መሸጥ፣ መበደር የመሳሰለው በግልጽ ካልተጻፈ ተወካይሽ ባንክ ሄዶ ባዶ እጁን ይመለሳል። የሚያስፈልገውን ብቻ ለይተሽ አስጽፊ፣ ማብቂያ ቀንም አድርጊለት።

የመሥሪያ ቤት ፈቃድሽ በቃል አይሁን፤ ደብዳቤው ላይ የምትመለሺበት ቀን ይኑር። የመብራት ካርዱን ሙዪ። የቤት ኪራዩን ቀድመሽ ስጪ።

ስልኩንም እንዳትረሺ። የባንኩ መተግበሪያ የምስጢር ቁጥር የሚልከው በኢትዮጵያ ሲምሽ ነው። ሮሚንግ ሳታስከፍቺ ከሄድሽ ቁጥሩ አይደርስሽም፣ ገንዘብሽም እያለ አታንቀሳቅሺውም። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ይዘሽ የእኛውን አንዱ ላይ ተዪው፣ በሌላው የእዚያን አገር ሲም በፓስፖርትሽ አውጪ።

ዶላሩ ንጹሕ ይሁን። የተጻፈበት፣ የተቀደደ፣ ማኅተም ያረፈበት ወይም የቆየ እትም የሆነውን እዚያ ያሉ መንዛሪዎች ወይ ይመልሱታል ወይ ዋጋ ይቀንሱበታል። የትንንሹ ኖት ምንዛሪም ከባለ 100ው ያንሳል። ለአራት ተከፋፈሉት፤ አንድ ቦርሳ ውስጥ ሁሉን አታኑሩ።

ነርሷ_ከአዲስ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ለቡድኑ አተምኩት። እማማ፣ የእድሩ ነገር ፈጽሞ ትዝ አላለኝም ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፦ ምእመናኑ ለስደተኞቹ ብለው አራት ማዳበሪያ ሙሉ ልብስ ሰብስበዋል። ይዘን እንሂድ? ለልጆቹስ ከረሜላ? ስብከትና ትምህርቱንም በእንግሊዝኛ አድርገን በአስተርጓሚ ለማቅረብ ነው ያሰብነው።

ካምፕ_አገልጋይ

እህት፣ ልብሱን አትውሰዱ። ዩጋንዳ ውስጥ የሰልባጅ ገበያው ሰፊ ነው፤ ካምፓላ ኦዊኖ የሚባለው ገበያ በእሱ ነው የሚታወቀው። ለትርፍ ሻንጣ የምትከፍሉት እዚያ ብዙ ልብስ ይገዛል፣ አራት ማዳበሪያ ደግሞ ጉምሩክ ላይ ንግድ ይመስላል። እዚሁ ላሉ ችግረኞች ስጡት፤ የሰጠው ምእመን እንዳይከፋው ምክንያቱን በጉባኤ አስረዱ። ለስደተኞቹ የሚሰጠውን አስተናጋጇ ቤተ ክርስቲያን ትንገራችሁ። ሳሙና፣ ደብተር፣ የወር አበባ መጠበቂያ ከተባለ ከአጁማኒ ገበያ ግዙ፣ አንዳንዱ ሻጭ ራሱ ስደተኛ ነው። እደላውንም በቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌዎች እጅ አድርጉት፣ እናንተ ከኋላ ቁሙ። ለማንም «ስብከቱን ሰምተህ ትወስዳለህ» እንዳይባል። የተራበ ሰው ለሳሙና ሲል እጁን ቢያወጣ ያ ንስሐ አይደለም፣ እናንተም በሪፖርታችሁ ላይ እንደ ነፍስ ቁጥር አትጻፉት።

ከረሜላ መንገድ ላይ አትበትኑ። ትልልቆቹ ልጆች ትንንሾቹን ይረግጣሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጣውን አገልጋይም ልጆቹ የሚያዩት እንደ ከረሜላ ነው።

ከሁሉ አብልጬ የምለምናችሁ ይህን ነው፦ ደብተር አውጥታችሁ የሰው ስም አትመዝግቡ። በዚያ መንደር ስም የሚመዘገበው ለራሽን፣ ለመታወቂያ፣ ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ ነው። እናንተ ለጸሎት ብላችሁ ጻፋችሁት፤ እናቲቱ ግን ካናዳ መሄጃዋ የተጀመረ ይመስላታል፣ እናንተ ከሄዳችሁም በኋላ ለወራት ትጠብቃለች። የጸሎት ርእስ በቃል ያዙ። ስለ ሦስተኛ አገር ሲጠይቋችሁ «እኛ በዚህ ምንም ሥልጣን የለንም» በሉ፣ በየቀኑም ድገሙት። «እናያለን» የሚለው የእኛ ትሕትና እዚያ ተስፋ ነው የሚሆነው።

ምን እንደደረሰባቸው አትጠይቁ። ራሳቸው ከነገሯችሁ አዳምጡ። የልጆችን ፊት ፎቶ አንሥታችሁ ከስምና ከቦታ ጋር ቴሌግራም ላይ አትልቀቁ። ከልጅ ጋር ለብቻችሁ በተዘጋ ቤት አትሁኑ፣ ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ ይኑር።

ትርጉሙን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ቋንቋው የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ማዲ፣ ዲንካ፣ ኩኩ፣ ጁባ አረብኛ በአንድ መንደር ሊኖሩ ይችላሉ። የግማሽ ሰዓት ትምህርት በአስተርጓሚ 15 ደቂቃ ነው፤ ሁለት ቋንቋ ከተተረጎመ 10 ደቂቃ ብቻ። ጽሑፉን ከአንድ ቀን በፊት ለአስተርጓሚው ስጡ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሳችሁ ቁሙ፤ ግማሹን ብላችሁ ብትቆሙ በቋንቋው ግሡ ቀድሞ የሚመጣ ከሆነ ሊተረጉመው አይችልም። «በክብሩ ጥላ ሥር ተጥለን» የመሳሰለውን የለመድነውን አባባል ተዉት። አሁን ከመሄዳችሁ በፊት በየሳምንቱ አንድ ትምህርት በእንግሊዝኛ ለእርስ በርሳችሁ አቅርቡ፣ አንዱ ወደ አማርኛ እየተረጎመ። የቱ ዓረፍተ ነገር እንደማይተረጎም ያኔ ታያላችሁ።

ሻንጣ

አጭር ጭማሪ። የዩጋንዳ መሰኪያ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የእንግሊዙ ዓይነት ነው፣ የእኛ ክብ ሁለት እግር አይገባም፤ ማስማሚያ ለእያንዳንዳችሁ። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ፣ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ያለው 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከአየር መንገዶቹ የ100 ዋት ሰዓት ገደብ በታች ነው። የግንባር ባትሪ፣ ስስ አንሶላ፣ ለሴቶቹ ከጉልበት የወረደ ጉርድ ወይም ቀሚስ። ተሽከርካሪው በግራ ስለሚነዳ መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። ቦዳ ቦዳ በሚባለው ሞተር ማታ አትውጡ። ምግቡ ፖሾ የሚባል የበቆሎ ገንፎና ቦሎቄ ነው። ሽሮና በርበሬ ትንሽ ያዙ፤ እንጀራ ግን አትጠብቁ።

ነርሷ_ከአዲስ

የመጨረሻ ጥያቄ፦ ስንመለስ ሰኞ ሥራ መግባት እችላለሁ?

ፋርማሲ_ጉለሌ

ቢያንስ ሦስት ቀን አሳልፊ። ዶክሲውን 28 ቀን ቀጥዪ፤ ብዙ ሰው አዲስ አበባ ሲገባ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፣ ወባውም የሚወጣው በዚያ ሳምንት ነው። በተመለስሽ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ትኩሳት፣ ራስ ምታት ወይም ብርድ ብርድ ካለሽ ለሐኪሙ «ከዩጋንዳ ነው የመጣሁት» በይው፤ ካልነገርሽው አዲስ አበባ ላይ ወባ አይታሰብም፣ ታይፎይድ ተብሎ ይታከማል።

ተልዕኮ_ክፍል

ከመነሳታችሁም በፊት ለአጥቢያው ሪፖርት የምታቀርቡበትን እሁድ ቀን አስቆርጡ። አስተናጋጇ ቤተ ክርስቲያንም ለብቻዋ ደብዳቤ ትጻፍ፣ የጠቀማትንና ያልጠቀማትን፤ ያንን ደብዳቤ ሽማግሌዎቹ እናንተ በሌላችሁበት ያንብቡት።